ችግሩን የተናገረ ለማኝ አይደለም

ድምፅ ለእንስሳም ለሰውም ተሰጥቷል። ጥጃዋ የራቃት ላም ትጮኻለች፤ የጠማው ግመል ያጉረመርማል። የሰው ድምፅ ከዚህ የሚለየው ሰው የጎደለውን ነገር ለይቶ፥ ከወዴት እንደ መጣበት አስረድቶ፥ ምን ቢደረግለት እንደሚሻል ጠቁሞ መናገር ስለሚችል ነው። ይህ ሆኖ ሳለ በዓለም ላይ ንግግሩ እንደ ሰው ንግግር ሳይሆን እንደ ላም ጩኸት ብቻ የሚቈጠርበት ሕዝብ ሞልቷል። ሲናገር የሰማው ሁሉ «ርቦታል መሰለኝ» ይላል እንጂ «ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣሁት ጎረቤታችን የሆነውን የሶማሌን የገጠር ሕዝብ እያሰብሁ ነው። ድርቅና ጦርነት በዚህ ሕዝብ ላይ እየተፈራረቁ፥ አንዳንድ ጊዜም አብረው እየመጡ ብዙ ዘመን አስጨንቀውታል። ሕዝቡ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ችግሩን ዝም ብሎ አልተሸከመም፤ ተናግሯል። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው የእርሱ አነጋገር ሳይሆን የሰሚዎቹ አሰማም ነው። ዘመኖቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ችግርን መሸፈን እንደ ጨዋነት ይቈጠራል። ሌማቱ ባዶ ሆኖ ሳለ በእንግዳ ፊት ጠግቦ እንዳደረ የሚጫወት ሰው ይመሰገናል፤ ገበናውን ያወጣ ይነቀፋል። ይህ ልማድ ክብርን የሚጠብቅ ስለ ሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን አባቶቻችን ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። ሁለቱ ነገሮች የሚታረቁት እንዲህ ይመስለኛል። ሠርቶ ማግኘት ሲችል ስንፍና ይዞት የሰው እጅ የሚያይ ሰው ለማኝ ይባላል። ዝናም የቀረበት፥ የውሃ ጕድጓዱ የነጠፈበት፥ መንገዱን ጠመንጃ የያዘ ሰው የዘጋበት ግን ችግሩን ሲናገር ምስክር ነው። ለማኝን ሰምቶ ያለፈ ሰው የሚያስቀረው አንድ ቁራሽ እንጀራ ነው፤ ምስክርን ሳይሰማ የፈረደ ዳኛ ግን ፍርድ ያጓድላል።

ደግሞም ይህ ምስክር ዐዋቂ ነው። የሶማሌ አርብቶ አደር ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ የሚዘንመው ትልቁ ዝናም ጉ ይባላል፤ ቀጥሎ ነፋሻው ሀጋ ይመጣል፤ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ትንሹ ዝናም ደይር ይዘንማል፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጋቢት የሚቈየው ብርቱ በጋ ጂላል ነው። ግመል ከሳምንት በላይ ሳይጠጣ መቈየት እንደሚችል፥ ላም ግን በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ውሃ ካላገኘች እንደምትደክም ያውቃልና ግመሉን ወደ ሩቅ፥ ላሙን ወደ ቅርብ ያሰማራል። ሰፈሩን ከማንሣቱም በፊት ሣርና ውሃ የት እንዳለ አይተው የሚመለሱ ሰዎች ይልካል፤ ይህንም ሳሃን ይሉታል። ለሳሃን የተላከ ሰው ያላየውን «አይቻለሁ» ቢል ቤተ ሰቡ ከነከብቱ ወደ ደረቅ ምድር ተጕዞ ያልቃል። ስለዚህ በዚያ አገር እውነተኛ ወሬ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ነገር ሲከብድ ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። ጉባኤው ሽር ይባላል፤ የሚመራበትም ሕግ ከአባት ወደ ልጅ በቃል የወረደው ሔር ነው። በሽር ላይ ወንድ የሆነ ሁሉ፥ ሀብታምም ቢሆን ድኻም ቢሆን፥ ቆሞ ለመናገር መብት አለው። ድርቁንም ስም ያወጡለታል። የ1966ቱንና የ1967ቱን ድርቅ ደባዴር ይሉታል፤ ረጅም ጅራት ያለው ማለት ነው። የ2009ኙን ደግሞ ሲማ አሉት፤ ሀብታሙንም ድኻውንም አንድ አድርጎ ያስተካከለ ማለት ነው። እንግዲህ ድርቁን በየስሙ የሚጠራ ሕዝብ ዘንድ ሄዶ ድርቅ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት የሚነሣ ሰው ለቀባሪ እንዳረዳ ይቈጠራል።

ወጣቶች ሆይ፥ የእናንተን ዕድሜ የሚመለከት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የሶማልያ መንግሥት በጥቅምት 1965 ዓ.ም. የሶማልኛ ቋንቋ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ወሰነ። በነሐሴ 1966 ደግሞ ከ20 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎችና መምህራን ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምሩ ወደ ገጠር ተላኩ፤ ስለዚህም የከተማ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ልጆቹ ሰሌዳቸውን ይዘው ከአርብቶ አደሩ ጋራ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዞሩ ያገኛቸው ግን ደባዴር ነው። ፊደል ሊያስቈጥሩ ሄደው ሬሳና የከብት አጥንት ቈጠሩ። በየመጠለያው ስም ሲመዘግቡ፥ በሽተኛ ሲያስታምሙ፥ እኽል ሲያድሉ ከረሙ። እነዚያ የከተማ ልጆች ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት የማይገኝ አንድ ነገር ተማሩ፤ ይኸውም ፊደል የማያውቅ ሰው ሁሉ አላዋቂ አለመሆኑን ነው።

መንግሥቱም በ1967 ዓ.ም. ወደ አንድ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በሶቪየት ኅብረት አውሮፕላኖችና በጭነት መኪና ጭኖ ወደ ደቡብ አሻገረ። ከፊሉን በጁባ ወንዝ ዳር በዱጁማ፥ በሸበሌ ወንዝ ዳር በሳብላሌና በኩርቱንዋሬ ገበሬ ይሆን ዘንድ አሰፈረው፤ ከፊሉንም እንደ ብራዋ ባሉ የባሕር ዳር ቦታዎች ዓሣ አጥማጅ ይሆን ዘንድ አወረደው። ነፍስ ያዳነ ሥራ ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። ዳሩ ግን በግመል ያደገ ሰው ዓሣ የሚበላን ሰው ሲንቅ የኖረ ነው። «ዝናም ሲመለስ ምን ልታደርግ ታስባለህ? ጥቂት ፍየሎች ብንሰጥህ ትመርጣለህ ወይስ መሬት?» ብሎ በየግሉ የጠየቀው አልነበረም። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ወንዶች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን በሰፈራው ትተው እኵሌቶቹ ወደ ከብት ርቢ፥ እኵሌቶቹ ወደ ዐረብ አገር ሥራ ሄዱ። መረብ መጣልና መሬት ማረስ ለምደው የቀሩም አሉ። ሰው ከሞት ሲሸሽ ያስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል፤ መቀመጡን ግን እንደ መስማማት መቍጠር አይገባም።

ይህን በመጽሐፍ ካነበብሁት ይልቅ በጆሮዬ የሰማሁት የበለጠ አስተምሮኛል። በ1992 ዓ.ም. በኦጋዴን ብርቱ ድርቅ በሆነ ጊዜ እኽል ከሚያድል ከአንድ ድርጅት ጋራ ወደ ጎዴ ወርጄ ነበር። ሥራዬ ስም መጻፍ ነበር። የተሰጠን ወረቀት ሦስት ዐምዶች ነበሩት፤ አንዱ ለስም፥ አንዱ ለቤተ ሰብ ብዛት፥ አንዱ ለጣት አሻራ። ከቀኑ በአንዱ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ ሽማግሌ ተራቸው ደርሶ ፊቴ ቆሙ። አስተርጓሚያችን የጎዴ ልጅ ነበርና እንደ አገሩ ልማድ «አዴር» አላቸው፤ አጎቴ ማለት ነው። ቀጥሎም የቤተ ሰባቸውን ብዛት ጠየቃቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «የሞቱትን ጨምሬ ነው ወይስ ሳልጨምር?» አሉ።

ልጁ መልስ አጥቶ ወደ እኔ ሲያይ እርሳቸው ነገራቸውን ቀጠሉ። ከከተማው ሁለት ቀን በሚያስኬድ ቦታ ሚስታቸው ከተረፉት ግመሎች ጋራ እንዳሉ፥ ግመሎቹም እኽል መሸከም እስኪሳናቸው እንደ ደከሙ ነገሩን። «እዚህ እኽል ስጠብቅ ብቀመጥ ግመሎቼ ይሞቱብኛል፤ ወደ ግመሎቼ ብሄድ እዚህ ያሉት ልጆቼ ይሞቱብኛል። ውሃውን ወደ እኛ አምጡልን፤ ውሃ ካለ ወተት አለ፥ ወተት ካለ የእናንተን እኽል የሚጠይቅ የለም» አሉ። ልጁ ሲተረጕም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ልመና ስላቀረበው፥ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፥ ከዘራቸውን አንሥተው «ልጄ፥ እኔ ለማኝ አይደለሁም፤ ያለውን ነገር ነው የምነግርህ» አሉኝ።

የተናገሩትን ነገር የሚያስገባ ዐምድ አልነበረምና በወረቀቱ ጀርባ ጻፍሁት። ማታ ሂሳቡን የሚሰበስበው አለቃ ወረቀቱን ገልብጦ አየና «ይህ ከሚደመረው ውስጥ አይገባም» ብሎ መለሰው። እውነቱን ነው፤ አይደመርም ነበር። ነገር ግን በዚያ ዓመት በጎዴ ዙሪያ ከሞቱት ሕፃናት ብዙዎቹን የገደላቸው ረኀብ ብቻ አልነበረም፤ እኽል ፍለጋ ከየበረሃው ወጥቶ ከከተማው ዳር በተጨናነቀው ሕዝብ መካከል ኵፍኝ ገባ። ከሞቱትም አብዛኞቹ የሞቱት ብርቱው እርዳታ ከመድረሱ በፊት ነው። ሽማግሌው የተናገሩት ስለ ራሳቸው ግመሎች ብቻ ቢመስልም፥ እርዳታው ሕዝቡ ወዳለበት እንዲሄድና ሕዝቡ ወደ አንድ ቦታ እንዳይከማች የሚያስተምር ምክር ነበረበት። ምክሩም ከወረቀቱ ጀርባ ቀረ።

ድርቅ ሲመጣ እንዲህ ከሆነ፥ ጦርነት ሲጨመርበት ደግሞ ድምፅ ጨርሶ ይታፈናል። በጥር 1983 የሶማልያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ብዙ የታጠቁ ወገኖች ተነሡ። በ1984ና በ1985 በተደረገው ታላቅ ረኀብ ከሁሉ ይልቅ የተጐዳው በጁባና በሸበሌ መካከል በባይደዋ አካባቢ የሚኖረው ገበሬ ነበር። ይህ ሕዝብ ማሽላውን በጕድጓድ እየቀበረ ክፉ ቀንን የሚያሳልፍ ሰው ነው። የታጠቁት ግን እየመጡ ጕድጓዱን አስከፍተው እኽሉን ወሰዱበት። ከውጭ የመጣውንም እኽል ከመርከብ እስከ ገበያ ድረስ የሚዘርፈው ብዙ ነበር። ጠመንጃ የሌለው ሰው በዚያን ጊዜ አፍ እንደሌለው ተቈጠረ።

በ2003 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ የባሰ ያሳዝናል፤ አስቀድሞ ታውቆ ነበርና። የዚያ ዓመት ደይር እንደ ቀረ አርብቶ አደሩም ገበሬውም ተናገሩ፤ ዝናምንና ገበያን የሚከታተሉ ዐዋቂዎችም በጽሑፍ አስጠነቀቁ። በገጠሩ የነገሠው አልሸባብ ግን ብዙ የእርዳታ ድርጅቶችን አስወጥቶ ነበር፤ ረኀብ መኖሩንም ካደ። ለጋሾቹ መንግሥታት በበኩላቸው የሚሰጡት ገንዘብ ከታጠቁት እጅ እንዳይገባ በመፍራት እጃቸውን ሰበሰቡ። ሐምሌ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በደቡብ ባኮልና በታችኛው ሸበሌ ረኀብ መግባቱን ሲያውጅ ብዙ ሰው አስቀድሞ ሞቶ ነበር። በኋላ በተደረገው ጥናት የሟቾቹ ቍጥር 258 ሺህ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። አንደኛው ወገን «ረኀብ የለም» ሲል፥ ሁለተኛው ወገን «እስቲ ይጣራ» ሲል፥ ያን ያህል ነፍስ በመካከላቸው አለፈ።

ከዚያ ወዲህ የተሻለ ነገር መታየቱን መሸሸግ አይገባኝም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ሲቀሩ እርዳታው ከቀድሞው ቶሎ በመድረሱ የረኀብ ዐዋጅ ሳይታወጅ ቀረ። ነገር ግን ዐዋጅ አለመታወጁ ሞት አለመኖሩን አያስረዳም፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓመት ብቻ ከወትሮው በላይ 43 ሺህ ያህል ሰው ሳይሞት እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ገምተዋል።

ሌላው መልካም ነገር ስልክና ሬዲዮ ነው። የሶማሌ አርብቶ አደር ሬዲዮን እጅግ የሚወድ ሰው ነው፤ ሎንዶን በሶማልኛ መናገር ከጀመረበት ከ1949 ዓ.ም. አንሥቶ በግመል ጭነት ላይ ሬዲዮ ጠፍቶ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በናይሮቢ የተቋቋመ ኤርጎ የሚባል ሬዲዮ ደግሞ የገጠሩ ሰው ያለ ክፍያ ስልክ ደውሎ ችግሩን በገዛ ድምፁ እንዲያስቀር አደረገ። ኤርጎ ማለት መልእክተኞች ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚሰማው ነገር «እኽል ስጡን» የሚል ብቻ አይደለም። አንዱ በመኪና የሚመጣው ውሃ ዋጋው እንደ ናረ ይናገራል፤ ሌላው የጕድጓዱ ሞተር ተሰብሮ ጠጋኝ እንደ ጠፋ ያመለክታል፤ ሌላዋ ባለሱቁ ዱቤ እንደ ከለከላት ትናገራለች። ይህ የዱቤ ነገር እንግዳ እንዳይሆንባችሁ፤ አርብቶ አደር ስኳርና ዱቄት የሚወስደው ከብት ሲሸጥ ሊከፍል ነውና፥ ፍየሎቹ ሲሞቱ ዱቤውም አብሮ ይሞታል። እንዲህ ያለውን ነገር ከሰማይ ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ ሊያሳየን አይችልም፤ የሚነግረን ያ ሰው ራሱ ነው።

ይህ ነገር ከእኛም አገር የራቀ አይደለም። ዋቢ ሸበሌ የሚነሣው ከአርሲና ከባሌ ተራሮች ነው። በግንቦት 2015 በእነዚህ ተራሮች የዘነመው ዝናም ወርዶ በድርቅ ሲነድ የከረመውን የበለድወይኔን ከተማ አጥለቀለቀ፤ ከ200 ሺህ የማያንስ ሰውም ከቤቱ ወጣ። ላይኛው ሰው የሚያየውን ደመና ታችኛው ሰው አያየውም። ስለዚህ ለታችኛው ሰው ወሬ ማቀበል እንደ ሳሃን ያለ ግዴታ ነው።

አንዳንድ ሰው «ችግረኛ ሁሉን ይጠይቃል፤ የጠየቀው ሁሉ እንዴት ይሆንለታል?» ይል ይሆናል። የጠየቀው ሁሉ ይሁንለት አላልሁም። ችግረኛም ሰው ነውና ሊያጋንን፥ የራሱን ወገን አስቀድሞ የጎረቤቱን ሊረሳ ይችላል። መስማት ማለት እንዳለ መቀበል ሳይሆን መመዘን ነው፤ ያልሰማ ሰው ግን የሚመዝነው ነገር የለውም።

ስለዚህ ችግረኛን ለመስማት የሚነሣ ሰው ሦስት ነገር ሊጠብቅ ይገባዋል። መጀመሪያ፥ ከማምጣቱ በፊት ይጠይቅ። ሁለተኛ፥ በሽር ላይ የሚናገሩትን ብቻ ሳይሆን የማይቀመጡትንም ይፈልግ። በቀድሞው ልማድ ሴት በሽር አትቀመጥም፤ ውሃ የምትቀዳውና የታመመውን ልጅ የምታቅፈው ግን እርሷ ናት። ከትንሽ ጎሣ የተወለደ ሰውም በብዙዎቹ መካከል ድምፁ አይሰማም። ተፈናቃዮች በሰፈሩበት ቦታ ደግሞ «ስለ እነርሱ እኔ ልናገር» ብሎ በር ላይ ቆሞ ከእርዳታው ድርሻውን የሚያነሣ ሰው አለ፤ ከእርሱ አፍ ብቻ የሰማ ሰው እውነቱን አላገኘም። ሦስተኛ፥ ሰምቶ የሄደ ሰው መልስ ይዞ ይመለስ። መልሱ «አልተቻለም» ቢሆንም እንኳ ይናገር። ጠያቂው ዓመት በዓመት እየመጣ ጽፎ ሲሄድና መልስ ሲጠፋ፥ ችግረኛው ከረኀቡ ሌላ ንቀትን ይጨምራል፤ ንቀት የቀመሰ ሰው ደግሞ ወይ ዝም ይላል፥ ወይ ጠመንጃ ወዳለው ይሄዳል።

እናንተ ማንበብና መጻፍ የቻላችሁ ወጣቶች፥ ነገ ከነገ ወዲያ አንዳችሁ ጸሐፊ፥ አንዳችሁ ሐኪም፥ አንዳችሁ መሐንዲስ ሆናችሁ ወደ ገጠር መውረዳችሁ አይቀርም። ወረቀት ይሰጣችኋል፤ ወረቀቱም ዐምድ ይኖረዋል። ዐምዱን በትክክል ሙሉት፤ መንግሥትም ድርጅትም ያለ ቍጥር ሊሠራ አይችልምና። ነገር ግን ከፊታችሁ የቆመው ሰው ከዐምዱ የሚተርፍ ነገር ሲናገር ብዕራችሁን አታንሡ። አንድም ቃል ሳትጨምሩ፥ ለማሳዘን ብላችሁም ሳታስለቅሱት፥ እርሱ እንዳለው ጻፉ። «ይህ አይደመርም» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ፥ የማይደመረው ነገር እንዲነበብ የሚያደርግ ሌላ ሰው እስክታገኙ ድረስ ወረቀቱን ይዛችሁ ከበር ወደ በር ሂዱ። የሳሃን ሰው ያየውን ሳይናገር አይተኛም፤ ሰፈሩ የሚነሣው በእርሱ ቃል ነውና።